ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና ጣሊያናዊት ባለቤታቸው

ልጆቻችን ፈረንጅ ሲያገቡ በየቤታችን የሚነሣው ክርክር ለሮማ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ዘጌ የተወለዱት ነጋድራስ አፈወርቅ የእቴጌ ጣይቱ ዘመድ ቢሆኑም ጣሊያናዊቷን ኤውጄኒያ ሮሲን አገቡ። በ1908 እዚሁ ሮማ ባሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የሌላ እምነት ንጉሥ ክርስትና ተነሥቶ ጦቢያን ያገባል፤ በድርሰት ዘመድ ማስታረቅ መቼም ይቀላል! ወረራው ሲመጣ ግን ለፋሺስት አደሩ፤ አፈ ቄሣርም ተባሉ። እኛን የሚያሳዝነን፣ ያው ያገለገሉት መንግሥት በ1937 ባወጣው ሕግ ከቅኝ ተገዥ ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት እንዲቀጣ ማዘዙ ነው። በ1938 ደግሞ የእርሳቸውን ዓይነት ጋብቻ ጭራሹን ከለከለ። ከነጻነት በኋላ ነጋድራስ ወደ ጅማ ተግዘው በ1947 እዚያው ዐረፉ።