ኦቶ ሾት፦ ከመድኃኒቱ ብልቃጥ ጀርባ ያለው ሰው

ነርሲንግ ስማር በልምምድ ቀን ስንት የመድኃኒት ብልቃጥ እንደማነሳ ቆጥሬ አላውቅም። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን ደጋግሜ አያለሁ፤ ብልቃጡን ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። የዛሬው ታሪክ ያንን ብልቃጥ እንድናምነው ስላደረገ ሰው ነው።

ኦቶ ሾት እ.ኤ.አ. በ1851 በጀርመን አገር፣ ቪተን ከተማ ተወለደ። አባቱ የመስኮት መስታወት ይሠሩ ነበር። ልጁም ኬሚስትሪ ተምሮ በ1875 ከየና ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ሲያገኝ የጻፈው ስለ መስኮት መስታወት ጉድለቶች ነው።

በዚያ ዘመን መስታወት የሚሠራው በአብዛኛው በልምድ ነበር። ሾት ግን ምክንያቱን ፈለገ። አሸዋ ከሶዳና ከኖራ ድንጋይ ጋር በኃይለኛ እሳት ይቀልጣል። ሲቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ በሥርዓት ለመደርደር ጊዜ ካገኙ ክሪስታል ይሆናሉ። ጊዜ ካላገኙ ግን ፈሳሹ እየወፈረ ሄዶ እንደተዘበራረቀ ይጠጥራል፤ መስታወት ማለት ይህ ነው። የቀለጠ ስኳር ቶሎ ሲቀዘቅዝ ጥርት ያለ ከረሜላ የሚሆነውም እንዲሁ ነው።

በ1879 ሾት ሊቲየም ያለበት መስታወት ሠርቶ፣ ለማይክሮስኮፕ የተሻለ መስታወት ይፈልግ ለነበረው የፊዚክስ ሊቅ ለኤርንስት አቤ ላከ። ናሙናው እንደታሰበው አልሆነም፤ ሁለቱ ግን አብረው መሥራት ጀመሩ። ሾት ቦሮንና ፎስፎረስን ጨምሮ ብዙ ንጥረ ነገሮችን እየቀያየረ ሞከረ። በ1884 ከአቤ፣ ከካርል ዛይስና ከዛይስ ልጅ ከሮደሪክ ጋር በየና የመስታወት ላቦራቶሪ አቋቋመ።

ለእኛ ሙያ ትልቁ ነገር ቴርሞሜትሩ ነው። የዚያ ጊዜ ቴርሞሜትር ይዋሽ ነበር፤ መስታወቱ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ወዲያው ወደ ቀድሞ መጠኑ ስለማይመለስ ልኬቱ ይዛባል። እናቴ ግንባሬን በእጇ ዳሳ ትኩሳቴን ታውቃለች፤ ሐኪም ቤት ግን ግማሽ ዲግሪም ቀላል አይደለም። አንዱ ዋና ምክንያት ሶዲየምና ፖታሲየም በአንድ መስታወት ውስጥ መቀላቀላቸው ነበር። ሾት ይህን ስህተት በእጅጉ የሚቀንስ መስታወት ሠራ።

ቦሮሲሊኬት የተባለው መስታወቱ ደግሞ ሲሞቅ እምብዛም ስለማይለጠጥ በድንገተኛ ሙቀት በቀላሉ አይሰነጠቅም። ተራ መስታወት ሶዲየሙን ቀስ በቀስ ወደ ፈሳሹ ስለሚለቅ መድኃኒት ሊያበላሽ ይችላል፤ ይኸኛው ግን ይህን በብዙ ይቋቋማል። በ1911 ኩባንያው ፊዮላክስ የተባለ የመድኃኒት መስታወት አወጣ።

ሾት በ1919 የኩባንያ ድርሻውን አቤ ላቋቋመው የካርል ዛይስ ፋውንዴሽን አስተላለፈ። በ1935 በ83 ዓመቱ የና ውስጥ አረፈ።

አሁን ብልቃጥ ሳነሳ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ አያለሁ። የማየው መድኃኒቱ ጥርት ማለቱን ነው፤ መስታወቱንም ግን አመሰግናለሁ።