ዘር ሰብሳቢው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ

ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1887 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በሞስኮ ከአንድ ነጋዴ ቤት ተወለደ። የእርሻ ትምህርቱን በዚያው ከፈጸመ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በሊቁ በዊልያም ቤትሰን ዘንድ የዘር ውርስን ነገር ተማረ። በ1921 በቮልጋ ወንዝ አገሮች ብርቱ ረኀብ ገብቶ ሳለ፥ በኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ የዕፀዋት ምርምር ቢሮ ሹም ሆነ።

የቫቪሎቭ ሐሳብ እንዲህ ነበር። ገበሬ ለብዙ ሺህ ዓመት ፍሬው ያማረውን ብቻ እየመረጠ ሲዘራ ሰብሉ ገራም ይሆናል፤ ነገር ግን በሽታንና ውርጭን የሚቋቋምበትን ኃይል በመንገድ ይጥላል። የጠፋው ኃይል የሚገኘው ሰብሉ መጀመሪያ በለማበት አገር፥ በጥንታዊው ዘርና በዱር በቀሩት ዘመዶቹ ዘንድ ነው። ሰው አረም ብሎ የሚረግጠው ሣር የስንዴ ዘመድ ሊሆን ይችላልና!

ስለዚህ ዘር ፍለጋ ዓለምን ዞረ። በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኘ፤ ጢም የሌለው የዱረም ስንዴም አገኘ። በ1929 በአልማ አታ አጠገብ የዱር ፖም ጫካ አየ። ባልንጀሮቹንም ወደ ሜክሲኮ ልኮ የዱር ድንች አስመጣ።

በዚህ መካከል ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ ሰው የዘር ውርስን ትምህርት ንቆ፥ ሰብልን በጥቂት ዓመት እለውጣለሁ በማለት በስታሊን ፊት ሞገስ አገኘ። ቫቪሎቭ ግን ትምህርቱን አልካደም። በነሐሴ 1940 በዩክሬን ዕፅ ሲሰበስብ ተያዘ፤ በ1941 ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ቢለወጥም በጥር 1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በረኀብ ደክሞ ሞተ። ሕዝብን ከረኀብ ለማዳን የደከመ ሰው እንዲህ መሞቱ እጅግ ያሳዝናል። በጀርመኖች በተከበበችው በሌኒንግራድም የሥራ ጓደኞቹ የሩዙንና የስንዴውን ዘር ሳይቀምሱ ሲጠብቁ ብዙዎቹ በረኀብ አለቁ። መንግሥቱ የቫቪሎቭን ንጽሕና ያወጀው በ1955 ነው።

የዱሩ ድንች ግን ሥራውን ቀጠለ። በ1845 አየርላንድን ያስራበውን የድንች በሽታ የሚቋቋም ስለ ሆነ፥ አዳቃዮች ከገራሙ ድንች ጋር አዳቀሉት። በ1990ዎቹ ሊቃውንት የዲቃሎቹን ልጆች እየመረመሩ፥ ከመቋቋሙ ኃይል ጋር ዘወትር አብሮ የሚወረሰውን ምልክት ተከተሉ፤ ከጂኖቹም አንዱ በ5ኛው ክሮሞሶም ላይ መሆኑን በካርታ አመለከቱ። ካርታው ካለ፥ ቡቃያው ገና ሳይታመም የትኛው ጂኑን እንደ ወረሰ ይታወቃል። በሽታው ራሱን እየለወጠ ያንን ጂን ስለ ረታው፥ አዳቃዮቹ ሌላ ጂን ለመሻት እንደ ገና ወደ ዱሩ ድንች ተመለሱ።