በሰበታ በኩል ያለፈው ልጅ፤ የጥላሁን ገሠሠ ሕይወት



ለዘንድሮው መጽሔታችን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በተጠየቅን ጊዜ ስለ ጥላሁን ገሠሠ እንጻፍ ብለን ተነሣን። ነገሩ ከኮሚቴው ዘንድ ሲደርስ አንድ አባታችን ቅር አላቸው። ዕድር የቀብርና የለቅሶ ማኅበር ነው፤ ዘፋኝ ምን ሊያደርግ ይገባበታል የሚል ነው ሐሳባቸው። እኛም ሰውየው ከሞተ ዓመታት እንዳለፉት፣ ደግሞም ታሪኩ በደጃችን ከሚያልፈው የጅማ መንገድ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረድተን ፈቃድ አገኘን። አንባቢም ይፈቅድልን። አንቱ ብለን መጻፍ በተገባን ነበር፤ ነገር ግን ሕፃኑም ሽማግሌውም ጥላሁን እያለ ስለሚጠራው አንቱታው ባዕድ አደረገብን፤ ስለዚህ ትተነዋል።

ጥላሁን የተወለደው አዲስ አበባ ነው፤ ቀኑም መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት። ጣሊያን ገና ከአገር አልወጣም ነበር። አባቱ አቶ ገሠሠ ወልደ ኪዳን፣ እናቱ ወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ ይባላሉ። በልጅነቱ አያቱ ወደ ወሊሶ ወስደው አሳደጉት፤ በራስ ጎበና ትምህርት ቤትም አስገቡት። ኦሮምኛውንና አማርኛውን እኩል ይዞ ያደገ ልጅ ነው። በኋላ ዘመን አካም ናጉማን ሲዘፍን የሰማ ሰው ቋንቋውን ከወረቀት ላይ እንዳላጠናው ያውቃል።

አያቱ ልጁ እንዲማርላቸው ነበር የሚፈልጉት። እኛ በዚህ አንወቅሳቸውም። በዚያን ጊዜ አዝማሪ መባል እንደ ስድብ የሚቆጠር ነበርና ልጁን ለዚያ ሥራ መርቆ የሚሸኝ ቤተሰብ የት ይገኛል? የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ግን ሚስተር ሸዳድ የሚባሉ ሱዳናዊ ነበሩ፤ እሳቸው የልጁን ድምፅ ሰምተው በርታ አሉት። ቀጥሎ የአገር ፍቅር ቡድን ትርዒት ሊያሳይ ወሊሶ መጣ። ንጋቷ ከልካይና ኢዮኤል ዮሐንስ ከመጡት ውስጥ ነበሩ። ልጁ ኢዮኤልን ጠጋ ብሎ ፍላጎቱን ቢነግራቸው፣ ይህን ሥራ ከፈለግህ አዲስ አበባ መምጣት አለብህ አሉት። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያስቀምጠው!

ጊዜው 1940ዎቹ ነው። ጥላሁን ለአያቱ ሳይናገር በእግሩ ተነሣ። አያትየው እንደሰሙ ተከትለው ቱሉ ቦሎ ላይ ያዙት። እዚያው ዘመድ ቤት አሳድረው በማግሥቱ ወደ ወሊሶ መለሱት። ልጁ ግን ከአንድ ሌሊት በላይ አልቆየም። በሁለተኛው ጉዞ በእግር መሄዱን ትቶ ዕቃ የጫነ መኪና ላይ ተሸሽጎ መጣ።

እንግዲህ ያ የጭነት መኪና በቱሉ ቦሎና በተጂ አድርጎ፣ ሰበታንና ዓለም ገናን አቋርጦ ነው አዲስ አበባ የሚገባው፤ ሌላ መንገድ አልነበረውም። ያን ጊዜ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ እንኳ ገና አልተሠራም። ከመንገዱ ዳር ከነበሩት አያቶቻችን አንዱ መኪናውን ቆሞ አይቶት ይሆናል፤ ከጭነቱ መሐል ያለውን ግን ማን ያያል? የዚህን ዓይነት ልጆች በአምቦ መንገድ በቡራዩ፣ በጎጃምም መንገድ በሱሉልታ በኩል ስንቶቹ እንደገቡ ቆጥሮ የያዘ የለም። ዛሬ ሦስቱም ከተሞች ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል፤ ልጆቹ ግን አሁንም በዚያው መንገድ ያልፋሉ። ከመሐላችን ልጁ ዘፋኝ ልሁን ብሎት ሌሊት እንቅልፍ ያጣ አባት አለ፤ ይህን ስንጽፍ እሱንም አልረሳነውም።

አዲስ አበባ እንደደረሰ አገር ፍቅር ቀጠረው። ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ። ስሙ የገነነው እዚህ ነው። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ፣ ጊታሩም ጭምር ከኋላው ተሰልፎ፣ ሣህሌ ደጋጎን የመሰለ የሙዚቃ አዋቂ ዜማውን ሲያቀነባብርለት፣ እንደ ብዙነሽ በቀለ ያለች ድምፃዊት አብራው ስትቆም እንዴት አይገን! ከወታደር ቤት የወጣው ድምፅ በሬዲዮ፣ በሸክላ፣ ኋላም በካሴት እየሆነ በየሠርጉ ቤትና በየጠላ ቤቱ ገባ። በትዝታና በባቲ ቅኝት ሲያንጎራጉር ድምፁ ከፍ ብሎ ይወጣና እንደገና እየተጥመለመለ ይወርዳል። የውጭ አገር ሰዎች ትዝታችንን የአሜሪካ ጥቁሮች ብሉዝ ከሚሉት እንጉርጉሮ ጋር ያመሳስሉታል። ጥላሁን እዚህ በገነነበት በ1950ዎቹ የእንግሊዝ ወጣቶችም ጊታር አንሥተው ያንኑ የጥቁሮቹን እንጉርጉሮ ይዘውት ነበር። እነሱ የሰው ኀዘን ተውሰው ነው፤ የእኛው ግን የራሱ ነበረው ብንል ያዳላን አይመስለንም።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከሸፈባቸው። ዘፋኙም የዘበኛው ሰው ነበርና ታሰረ። አልቻልኩም የሚለውን ዘፈኑን ሕዝቡ ከዚያ ዘመን ፖለቲካ ጋር ያያይዘው ነበር። ዘፈኑ ሲሰማ የፍቅር ነው፤ የአገራችን ሰው ግን ሰምና ወርቅ መፈለግ ልማዱ ነው። ሲፈታ ወደ መድረኩ ተመለሰ። ኋላም በብሔራዊ ቴአትር ሠራ። ድርቅ ባጠቃን ጊዜ ዋይ ዋይ ሲሉን ዘፍኖ ብዙ ሰው አስለቅሷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክተርነት ሰጥቶታል፤ ትምህርት እንዳይቀርበት ይጨነቁ የነበሩት አያቱ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. አንገቱን በስለት ተጎዳ። ስለ ነገሩ ብዙ ተወርቷል፤ ወሬውን እዚህ ማምጣት አንፈልግም። ብቻ ያ የሚወደድ ድምፅ ከሚወጣበት ቦታ ላይ መሆኑ ሁሉንም አስደነገጠ። ሕክምና አግኝቶ ዳነና እንደገና ዘፈነ። ከዚያ ደግሞ የስኳር በሽታው ጸንቶበት አንድ እግሩ ተቆረጠ። ወንበር ላይ ተቀምጦ መድረክ ሲወጣ ያዩት ድምፁን ለመስማት ሄደው ዓይናቸውን ሲጠርጉ ተመልሰዋል። ከዕድራችን በስኳር ምክንያት እግራቸውን ያጡ አባላት አሉና የዚህን ነገር ክብደት ለእናንተ መንገር አያሻንም።

ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ነበር። ከአሜሪካ ተመልሶ አዲስ አበባ እንዳለ በዚያው ሌሊት አረፈ። ዕድሜው 68 ዓመት ነበር። በመስቀል ተወልዶ በፋሲካ ሞተ።

ማግሥቱን እናስታውሳለን። ዶሮው ገና ከድስቱ አላለቀም፤ ዜናው ሲነገር በየቤቱ ዝም ተባለ። ሰው ወደ ደጅ ወጥቶ እርስ በርሱ ይጠያየቅ ጀመር፤ ልክ ከዕድሩ አንድ ሰው የሞተ ይመስል። ጥሩምባ ነፊያችን ጥሩምባውን ይዞ ወጥቶ አጥሩ ሥር ቆመ። ልንፋ ወይስ ይቅር ብሎ ዳኛውን ጠየቀ። ዳኛው ትንሽ አሰቡና፣ በመዝገባችን ላይ ስሙ የለም ብለው ከለከሉት። ሕጉ ሕግ ነው፤ ሆኖም እሳቸውም ቢሆኑ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

ቀብሩ በዚያው ሳምንት በመንግሥት ሥነ ሥርዓት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ። ከእኛም ሰፈር ሚኒባስ ተኮናትረን የሄድን ነበርን። ከመጨናነቁ የተነሣ ወደ ግቢው መድረስ አልቻልንም፤ ከሩቅ ቆመን አለቀስን። ይህን ጽሑፍ አንብበን ስናሰማ መጀመሪያ ቅር ያላቸው አባታችን እዚህ ላይ አቋረጡን። ለካ እሳቸውም በዚያን ዕለት ለቤተሰባቸው ሳይናገሩ በአውቶቡስ ሄደው ኖሯል፤ እንዲያውም ከእኛ ይልቅ ወደ በሩ ቀርበው ነበር የቆሙት።