ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ፤ ሕመማቸውና ሐኪሞቻቸው

ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር በብርብርና በሌሎቹ የምዕራብ ዓባያ ቀበሌዎች የሚያገለግል ካቴኪስት አንድ ጥያቄ ሳይቀርብለት አይቀርም። የስኳር በሽታ ያለበት ምእመን እንዳይጾም በሐኪም ተነግሮታል፤ እርሱ ግን ሐኪሙ ስለ ጾም ምን ያውቃል ብሎ ይጠራጠራል። ሌላው ደግሞ መድኃኒቱን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ መውሰድ እንዳለበት ሲሰማ፥ ነገሩ ለእርሱ ጤና ሳይሆን ለሻጩ ጥቅም የታሰበ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ጥርጣሬ የገጠር ሰው ብቻ አይደለም። በአገራችን ከሁሉ በላይ በሆነው ዙፋን የተቀመጡ አንዲት እመቤትም በዚሁ በሽታ ታመው፥ በዚሁ በዐቢይ ጾም ዐርፈዋል። ታሪካቸውን ባጭሩ እንተርካለን።

ዘውዲቱ በሚያዝያ ወር 1868 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ወረኢሉ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነው። አባታቸው ምኒልክ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ አብቺው ከወሎ መኳንንት ወገን ነበሩ። ልጅቱ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ሳሉ የሁለቱን መንግሥታት ዕርቅ ለማጽናት ሲባል ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ባላቸው በ1880 ዓ.ም. ታመው ሞቱ፤ ዘውዲቱም ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን አጫጭር ጋብቻዎች እናልፋቸዋለን። በ1892 ዓ.ም. ገደማ የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ፤ ይህም ጋብቻ በፍቅር የጸና ነበር ይባላል።

ሴትዮዋ ስለ ሕክምና ምን ዓይነት ትምህርት አይተው እንዳደጉ ለማስተዋል የአባታቸውን ሕመም መመልከት ያስፈልጋል። አፄ ምኒልክ ለአዲስ ነገር ልባቸው የተከፈተ ሰው ነበሩ፤ ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የመጡትን የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በደስታ ተቀብለዋል፤ በአዲስ አበባም በስማቸው የሚጠራ ሆስፒታል ቆሟል። ነገር ግን እርሳቸው ራሳቸው ሲታመሙና ሰውነታቸው ሽባ እየሆነ ሲሄድ፥ አልጋቸው የመንግሥታት መፎካከሪያ ሆነ። እያንዳንዱ ሌጋሲዮን የየራሱ ሐኪም ነበረው። የእንግሊዙን ሐኪም ፈረንሳዩ ይጠረጥረዋል፤ የፈረንሳዩን ጣሊያኑ፤ ሁሉንም ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ይጠረጥራቸዋል። ከጀርመን የመጣው ሐኪም ንጉሠ ነገሥቱ ተመርዘዋል የሚል ነገር ባነሣ ጊዜ ከተማው ታወከ። አፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። እንግዲህ በዚያ ቤት የበሽተኛው ሰውነት የመንግሥት ምስጢር ነበረ፤ ሐኪምም ከመድኃኒት ይልቅ ወሬ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ሆኖ ይታይ ነበር። እንዲህ ካለው ቤት የወጣ ሰው ሐኪምን በቀላሉ ያምናል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ መኳንንቱ ዘውዲቱን አነገሡ፤ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንም የራስነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው አልጋ ወራሽ ሆኑ። የዘውዱ ሥርዓት በየካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ተፈጸመ። የዙፋኑ ዋጋ ግን ከባድ ነበር፤ ከራስ ጉግሣ እንዲለዩ ተደረገ፤ ራስ ጉግሣም ወደ በጌምድር ግዛታቸው ሄዱ። ንግሥቲቱ ከፖለቲካው ይልቅ በጸሎት፥ በጾምና በአብያተ ክርስቲያናት ሥራ መጠመድን መረጡ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ድካም ቆጥረውባቸዋል፤ እኛ ግን ባል፥ ልጅና የልብ ወዳጅ በሌለበት ትልቅ ቤት ውስጥ ሰው የሚያጽናናውን ቢፈልግ አንፈርድበትም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ታላቁ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ አልጋ ወራሹ ራሳቸው በጽኑ ታመው ዳኑ፤ በከተማው የነበሩት ሐኪሞችም በጣም ጥቂቶች ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአልጋ ወራሹ ጥረት ቤተ ሳይዳ የተባለው ሆስፒታል ተከፈተ።

ንግሥቲቱ የስኳር በሽታ እንደ ነበረባቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። በሽታው ምን እንደ ሆነ ለካቴኪስቶቻችን ጥቂት ማስረዳት ይገባል። የምንበላው እህል በሰውነታችን ውስጥ ወደ ስኳርነት ይለወጣል፤ ይህን ስኳር ከደም ወደ ሥጋ የሚያስገባው ከጣፊያ አጠገብ ከሚገኝ ዕጢ የሚመነጭ ኢንሱሊን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም መሥራት ሲያቅተው ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሕመምተኛው ይጠማል፥ ሽንት ይመላለስበታል፥ ይከሳል፥ ቁስሉም አይድንም። የካናዳ ሐኪሞች ኢንሱሊንን ከእንስሳት ዕጢ አውጥተው በ1914 ዓ.ም. በቶሮንቶ ከተማ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ወጉት፤ ልጁም ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ይህ የሆነው ንግሥት ዘውዲቱ ከማረፋቸው 8 ዓመት አስቀድሞ ነው።

እዚህ ላይ ሐኪሞችንም የሚነካ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ከኢንሱሊን መገኘት በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩ ስመ ጥር ሐኪሞች የስኳር ሕሙማንን የሚያክሙት በማስራብ ነበር። ሕፃናት ሳይቀሩ አጥንታቸው እስኪቆጠር ድረስ ምግብ ይከለከሉ ነበር። ይህም ዕድሜያቸውን በጥቂት ወራት ያረዝመው እንደ ሆነ እንጂ አያድናቸውም። እንግዲህ የሐኪም ምክር ከዘመን ወደ ዘመን ተለውጧል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ትናንት ሌላ፥ ዛሬ ሌላ ብሎ ያፌዛል። በእኔ አስተያየት ግን ስሕተቱን አይቶ የሚተው ሞያ፥ ሁልጊዜ ልክ ነኝ ከሚል ሞያ ይልቅ ሊታመን የሚገባው ነው።

በ1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ በንጉሥ ተፈሪ ላይ ጦር አነሡ። ንጉሥ ተፈሪ የንጉሥነት ዘውድ የደፉት በ1921 ዓ.ም. መጀመሪያ ስለ ነበር፥ ሥልጣኑ ሁሉ በእጃቸው ገብቶ ነበር። መጋቢት 22 ቀን አንቺም በተባለው ስፍራ ጦርነት ተደረገ። በአገራችን ጦርነት ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን የታየው በዚያ ዘመቻ ነው። ራስ ጉግሣም በዚያ ወደቁ። ንግሥቲቱ በዚያው ሰሞን ከአንጀት ተስቦ ዓይነት በሆነ ትኩሳት ተይዘው በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተኝተው ነበር። ጊዜውም ዐቢይ ጾም ነው። በከተማው ከነበሩ የውጭ አገር መልእክተኞች አንዳንዶቹ እንደ ዘገቡት፥ ትኩሳቱን ለማብረድ በቀዘቀዘ ጸበል ውስጥ እንዲነከሩ ተደረገ፤ የደከመው ሰውነታቸውም ድንጋጤውን አልቻለም። መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም.፥ ባላቸው በሞቱ በሁለተኛው ቀን፥ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 54 ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

ከዚያም ወሬው ተነሣ። አንዱ የባላቸውን ሞት ሰምተው ልባቸው ተሰብሮ ነው አለ፤ ሌላው ጨርሶ አልተነገራቸውም አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ ተመርዘዋል ብሎ አወራ። የስኳር በሽታ ባለበት ሰው ላይ ጽኑ ትኩሳት ሲደረብ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ግን መርዝ መፈለግ አያሻውም። ትኩሳት የደሙን ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ ሽንቱ ይበዛል፥ ሰውነት ይደርቃል፤ ሥጋ ስኳሩን መጠቀም ስላልቻለ ስቡን ማንደድ ይጀምራል፥ ከዚያም የሚወጣው አሲድ ደሙን ይበክላል። ሕመምተኛው ያቅለሸልሸዋል፥ ይተነፍሳል ግን አይበቃውም፥ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። እንዲህ ያለ ሰው ውኃና መድኃኒት በየሰዓቱ እንጂ ድንገተኛ ብርድ አያስፈልገውም።

ይህን ስንል ጸበልን ለመንቀፍ ወይም የንግሥቲቱን እምነት ለማቃለል አይደለም። ሰው የሚሄደው እምነቱን ወደ ጣለበት ስፍራ ነው። የአባታቸው ሐኪሞች ሲካሰሱ በኖሩበት ቤተ መንግሥት እምነት የተረፈው ለንስሐ አባቶች ነበር። የስኳር በሽታ ደግሞ ከሌላው በሽታ ይልቅ መተማመንን ይጠይቃል። የወባ በሽተኛ ሐኪሙን የሚያምነው ለጥቂት ቀን ነው፤ ኪኒኑን ውጦ ይድናል፥ ይለያያሉ። የስኳር ሕመምተኛ ግን ከሐኪሙ ጋር የዕድሜ ልክ ጉዞ አለው፤ በመርፌ ራሱን የሚወጋው፥ የሚበላውን የሚመርጠው፥ እግሩን በየማታው የሚመለከተው እርሱ ራሱ ነው። ሐኪሙ የሚያውቀው ሕመምተኛው የነገረውን ያህል ነው።

ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ሕመምተኛው መጾሙን ለሐኪሙ አይነግርም፥ ይቆጡኛል ብሎ ይፈራልና። ስኳሩ ያለ ልክ ከፍና ዝቅ ሲል ያየ ሐኪም ምክንያቱን ሳያውቅ መጠኑን ይጨምራል። ያ ሰው ኢንሱሊኑን ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የዋለ ዕለት ስኳሩ ይወርዳል፤ ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ በሙዝ ማሳው መካከል ይወድቃል። ቤተ ሰቡም መድኃኒቱ ገደለው ይላል። ሐሰት አይደለም፥ እውነትም አይደለም። ሐኪሙም ከጥፋት አያመልጥም፤ በችኮላ ጽፎ የሰጠውን ወረቀት ትርጉም ሳያስረዳ፥ ሕመምተኛው የት እንደሚኖርና ምን እንደሚበላ ሳይጠይቅ ያሰናበተ ሐኪም፥ አልታዘዘኝም ብሎ ሊያማርር አይገባውም። በእኛ ቆላ የኢንሱሊን ብልቃጥ በሙቀት እንደሚበላሽ፥ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰውም በውኃ በራሰ የሸክላ ዕቃ ውስጥ በጥላ ሊያኖረው እንደሚችል ካልተነገረው፥ ሰውየው የሚወጋው ኃይሉን ያጣ ውኃ ይሆናል። ትኩሳትም በመጣ ጊዜ በዓባያ ዳር ሁሉ ወባ ነው ተብሎ ይታለፋልና፥ ስኳር ያለበት ሰው ትኩሳት ሲይዘው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ፥ መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ ካቴኪስቱ ቢያሳስብ መልካም ነው።

ስለ ጾም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሕመምተኛ በጾም ግዴታ አይያዝም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ሲያስተምር፥ ጸሎትንም መድኃኒትንም አንድ ላይ ያስቀምጣል። በምግብ መጾም ያልተፈቀደለት ምእመን ሌላ የንስሐ መንገድ ከቄሱ ጋር ተመካክሮ ሊመርጥ ይችላል። መጾም የሚሻና ሕመሙ የሚፈቅድለትም ቢሆን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት የሚስተካከልበት መንገድ አለና። ካቴኪስት ግን መድኃኒት ተው ወይም ጀምር ለማለት ሥልጣን የለውም።

ንግሥት ዘውዲቱ ለአባታቸው መካነ መቃብር እንዲሆን ባሠሩት በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ንጉሥ ተፈሪ ዙፋኑን ወርሰው በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። በ1926 ዓ.ም. ገደማም የአድቬንቲስት ሚሲዮናውያን በአዲስ አበባ መካከል በንግሥቲቱ መታሰቢያነት የተሰየመ ሆስፒታል አቆሙ፤ በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት ተዛወረ። ሕዝቡ ዛሬ ዘውዲቱ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ሆስፒታሉን ነው፤ ማለዳ በደጁ ካርድ ይዘው ከሚሰለፉት ብዙዎች ስሙ የማን እንደ ነበረ አያስታውሱም።