ኦኔሲሞስ ነሲብና ጥምቀታቸው

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ መጥተን በአንድ ክፍል የምንማር ተማሪዎች በሃይማኖት አንድ አይደለንም። በዕረፍት ሰዓት በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች ጓደኞቻችን መካከል አንድ ክርክር ተነሥቶ ብዙ ቀን ሳይበርድ ቆየ። ሕፃን ሳያውቅ ቢጠመቅ ጥምቀቱ ጥምቀት ይባላልን? ሰውስ የሚድነው በምን ነው? ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ ክርክሩን እንዳለ ከመድገም የአንድ ሰው ሕይወት ብንጽፍ ይሻላል ብለን ተስማማን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሑሩሙ አጠገብ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው፤ ኋላም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናታቸው ነጥቀው ወሰዷቸው። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ በ1870 ምጽዋ ደረሱ። ነሲብ የሚለው ስም የወጣላቸው በዚሁ የባርነት ዘመን ነው። በምጽዋ ስዊሳዊው ወርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣቸውና ወደ ስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ።

በ1872 ማርች 31 ቀን፣ በምዕራባውያን የፋሲካ ዕለት ተጠመቁ፤ ዕድሜያቸው ወደ 16 ዓመት ይጠጋ ነበር። የክርስትና ስማቸው ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ስም በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ ተብሎ የተጻፈው፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ጌታው እንደ ወንድም እንዲቀበለው የለመነለት የፊልሞና ባሪያ ስም ነው። ነሲብንም አልጣሉትም፤ የባርነቱ ስም ከክርስትናው ስም ጋር እስከ ዕለተ ሞታቸው አብሯቸው ኖረ።

በዚህ ጥምቀት ላይ ጥቂት ብንቆይ አንባቢ ይፍቀድልን። ኦኔሲሞስ ተምረውና አምነው ስለ ተጠመቁ፣ ከመካከላችን አንዳንዶች ፕሮቴስታንት ሕፃን አያጠምቅም ለሚለው ነገር ምስክር ሊያደርጓቸው ፈልገው ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አስተማሪዎቻቸው ሉተራውያን ነበሩ፤ ሉተርም የሕፃናትን ጥምቀት አልሻረም። ኦኔሲሞስ በጉልምስና ደጃፍ የተጠመቁት ከልጅነታቸው በክርስቲያን ቤት ስላላደጉ ነው። የሕፃናትን ጥምቀት አንቀበልም ብለው አዋቂዎችን እንደገና ያጠመቁት በ1525 በዙሪክ ከተማ የተነሡት ናቸው፤ በሀገራችንም መሠረተ ክርስቶስና ቃለ ሕይወት አብያተ ክርስቲያናት የሚያጠምቁት ያመነውን ሰው ነው። እንግዲህ ፕሮቴስታንት ሁሉ በዚህ ነገር አንድ ቃል የለውም።

ካቶሊኮች በጥምቀት የአዳም ኃጢአት ይደመሰሳል፣ ጸጋም ይሰጣል ብለው ያስተምራሉ። ይህንንም በ1547 በትሬንት ጉባኤ አጽንተዋል። የተሰጠው ጸጋ በፍቅርና በበጎ ሥራ ያድጋል፤ በከባድ ኃጢአት ቢጠፋ በንስሐ ይመለሳል። ሉተራውያንም ውሃው ከእግዚአብሔር ቃል ጋር ሆኖ ጸጋ እንደሚሰጥ ያምናሉ፤ ነገር ግን ተስፋውን የሚቀበለው እምነት ብቻ ነው፣ በጎ ሥራ የመዳን ፍሬ እንጂ ምክንያት አይደለም ይላሉ። ሁለቱም በሥላሴ ስም የተጠመቀ ሰው ዳግመኛ አይጠመቅም ማለታቸው አንድ ያደርጋቸዋል። ይህን ስናነብ ዐፄ ሱስንዮስ ትዝ አሉን፤ ከ1626 በኋላ የካቶሊኩ ፓትርያርክ ሜንዴዝ የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና ማስጠመቃቸው ሀገሪቱን ካወኩት ነገሮች አንዱ ነበርና። በ1999 ካቶሊኮችና የሉተራውያን የዓለም ፌዴሬሽን ስለ መጽደቅ በአውግስቡርግ የጋራ ስምምነት ፈርመዋል። ልዩነታቸው ሁሉ ግን በዚህ አልተፈጸመም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ኦኔሲሞስ ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን ተምረው ተመለሱ። ሐሳባቸው ሁሉ ወደ ተወለዱበት ሀገር መግባት ነበር። በመጀመሪያ በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ መንገዱ አልሆነላቸውም። ቀጥሎ በታጁራ በኩል ዞረው በ1886 እንጦጦ ደረሱ፤ ይኸውም የሱሉልታና የቡራዩ ልጆች ዘወትር የምናየው ተራራ ነው። ነገር ግን ዐፄ ዮሐንስ የውጭ አገር ሚስዮናውያንን ከልክለው ስለ ነበር፣ ንጉሥ ምኒልክ ወደ ባሕር ዳርቻ እንዲመለሱ አዘዙ። በፊንፊኔ ያስተምሩ የነበሩት የካቶሊኩ ጳጳስ አባ ማስያስም በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከሀገር ወጥተዋል። በመዳን ትምህርት የተለያዩት ሁለቱ ወገኖች በአንድ በር ተመለሱ።

ኦኔሲሞስ ግን በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ተቀምጠው ሥራቸውን ጀመሩ። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ በኦሮምኛዋ ጥልቀት እጅግ ረዳቻቸው። እርሷ ባትኖር ሥራው እንዴት ይሆን እንደ ነበር እንጃ! አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪስኮና በግዕዝ ፊደል ወጣ። ሰው በእምነት ይድናል የሚል መምህር፣ ሰሚው ቃሉን በገዛ ቋንቋው ካላገኘ ምን ብሎ ያምናል ማለቱ አይቀርምና፣ የኦኔሲሞስ ትጋት ከዚህ የመነጨ ይመስለናል።

በ1904 ነቀምት ገብተው በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እመቤታችንን ሰድበዋል ተብለው ተከሰሱና በ1906 አዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። አቡኑ እንዲሰደዱ ፈረዱ። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ። ኦኔሲሞስም ለዐሥር ዓመት ያህል በትምህርት ቤት ልጆችን በማስተማር ብቻ ተወስነው ኖሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው፤ ልጅ ኢያሱ ቢሻሩም ፈቃዱ አልተሻረም። በ1931 ጁን 21 ቀን በነቀምት ዐረፉ።

በ1959 የተቋቋመችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ኦኔሲሞስን ከአባቶቿ አንዱ አድርጋ ትቈጥራለች፤ ሕፃናትንም ታጠምቃለች። ይህን ለክፍላችን ባነበብን ጊዜ ክርክሩ ያበቃ መስሎን ነበር። አላበቃም። አሁን የተነሣው ጥያቄ፣ ሕፃን ሲጠመቅ የሚታመንበት እምነት የራሱ ነው ወይስ የአሳዳጊዎቹ የሚል ነው።