የቻይናን ነገር ያስተማሩ ሊቅ፤ ጆን ፌርባንክ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለ ሌላ አገር የሚመክር መንግሥትም ዐዋቂዎቹን አስቀድሞ ካላዘጋጀ፤ በጭንቅ ጊዜ ቢፈልጋቸው አያገኛቸውም። ይህን ለአሜሪካ ሰዎች በማስረዳት ዕድሜአቸውን የፈጸሙት የታሪክ ሊቅ ጆን ኪንግ ፌርባንክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. በሳውዝ ዳኮታ ግዛት ሂዩሮን በምትባል ከተማ ተወለዱ።

በ1929 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቁ በኋላ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ተማሩ። በ1932 ወደ ፔኪንግ ሄደው ቋንቋውን እያጠኑ የቻይናን የጉምሩክ አስተዳደር ታሪክ ይመረምሩ ጀመር። ባለቤታቸውን ዊልማንም ያገቡት በዚያው ዓመት በዚያችው ከተማ ነው። በ1936 ወደ ሃርቫርድ ተመልሰው መምህር ሆኑ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመንግሥት ሥራ ወደ ቾንግኪንግ ተላኩ። በዚያም የቺያንግ ካይ ሼክ መንግሥት የተማሩትን ሰዎች ልብ እያጣ መሄዱን ተመለከቱ፤ ያዩትንም አልሸሸጉም።

በ1949 ኮሙኒስቶች ሥልጣኑን በያዙ ጊዜ፤ ቻይና ከእጃችን የወጣችው በማን ጥፋት ነው የሚል ክስ በአሜሪካ ተነሣ። የሚመጣውን አስቀድመው የተናገሩት ሰዎች እንዳመጡት ተቆጠሩ። ቋንቋውን ከሚያውቁት ዲፕሎማቶች መካከል ጆን ሰርቪስ በ1951፤ ጆን ዴቪስ በ1954 ከሥራቸው ተሰናበቱ። ፌርባንክም ወደ ጃፓን እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ በ1952 በሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ተመረመሩ። የማስተማር ሥራቸውን ግን አላጡም።

እርሳቸውም ክሱን የመለሱት በሥራ ነው። በ1955 በፎርድ ፋውንዴሽን ርዳታ በሃርቫርድ የምሥራቅ እስያ ጥናት ማዕከልን አቋቋሙ። እዚያ የሚገባ ተማሪ ቋንቋውን ጠንቅቆ መማር፤ የቻይናን ሰነድ በራሱ በቻይንኛ ማንበብ ነበረበት። የታሪክ፤ የኢኮኖሚና የፖለቲካ ተመራማሪዎች በአንድ ቤት ይመካከሩ ነበር። መልካም ሆኖ የተገኘው ጥናትም በመጽሐፍ ይታተም ነበር። ከዚህ የወጡት ደቀ መዛሙርት በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ሆኑ።

በ1966 ያው ሴኔት ስለ ቻይና እንዲያስረዱት ጠራቸው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት እንደ ተጠርጣሪ የቀረቡት ሰው አሁን እንደ አማካሪ ተደመጡ። በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ፔኪንግን ጎበኙ፤ ፌርባንክም ከብዙ ዘመን በኋላ በዚያው ዓመት ቻይናን እንደገና ለማየት በቁ።

ይሁን እንጂ ነቀፋ አልቀረላቸውም። አሜሪካ በቬትናም ስትዋጋ የቬትናምን ቋንቋና ታሪክ የሚያውቁ ሊቃውንቷ እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ከወጣት የእስያ ተመራማሪዎችም አንዳንዶቹ፤ ሽማግሌዎቹ ወደ መንግሥት በመቅረባቸው እውነቱን ደፍረው አልተናገሩም ብለው ወቀሱ።

ማዕከሉ በ1977 በስማቸው ተጠራ። በመስከረም ወር 1991 የመጨረሻውን የቻይና ታሪክ መጽሐፋቸውን ረቂቅ ለአሳታሚው ካስረከቡ ከሁለት ቀን በኋላ በ84 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንግዲህ ለተማሪና ለወጣት ሹም ከዚህ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። የሌላውን አገር ነገር ለማወቅ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ ሳይቸግር መጀመር ይገባል። ደስ የማያሰኝ ወሬ ያመጣውን ዐዋቂ የሚያባርር መሥሪያ ቤት ደግሞ ዐይኑን በገዛ እጁ ያጠፋል።