ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ፦ ከሕመም በኋላ የሚመጣውን ሕመም የተከታተለ ሐኪም

የኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ ስም በሥርዓተ ነርቭ ተመራማሪዎች ዘንድ በይበልጥ የሚነሣው በስሙ ከሚጠሩት የአንጎል ሕዋሳት ጋር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን በሌላው ሥራው ላይ ነው፤ ይኸውም አጣዳፊው ሕመም ካለፈ በኋላ የሚቀረውን ወይም ዘግይቶ የሚከሠተውን የነርቭ ጉዳት መከታተሉ ነው። ከኮቪድ-19 ወዲህ ይኸው ጥያቄ እንደገና ተነሥቷል። (ዓ.ም. ተብለው ከተለዩት በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፎን ኤኮኖሞ በ1876 በሩማንያ፣ በዳንዩብ ወንዝ ዳር በምትገኘው በብራኢላ ከተማ፣ ከግሪክ ወላጆች ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ያን ጊዜ የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ወደብ ወደ ነበረችው ወደ ትሪየስት ተዛወረ። ባለጸጋ የነበረው አባቱ ልጁ መሐንዲስ እንዲሆን ስለ ፈለገ በቪየና ሁለት ዓመት ያህል ምሕንድስና ተማረ፤ ኋላ ግን ወደ ሕክምና ተሻግሮ በ1901 ተመረቀ። በፓሪስና በሙኒክ ጭምር ከሠለጠነ በኋላ በ1906 በቪየና የዋግነር-ያውሬግ ክሊኒክ ባልደረባ ሆነ። አውሮፕላን ማብረርም ይወድ ነበር፤ የኦስትሪያን የአየር ክበብ ለብዙ ዓመታት በሊቀ መንበርነት መርቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአብራሪነት ተሰልፎ ሳለ በወላጆቹ ልመና ወደ ክሊኒኩ ተመለሰ። ለሕክምና ታሪክ ታላቅ ዕድል የሆነው ይህ መመለሱ ነው።

በ1916 መጨረሻና በ1917 መጀመሪያ ክረምት ወደ ክሊኒኩ የመጡ አንዳንድ ሕሙማን ሌላ ሐኪም የሰጣቸው የበሽታ ስም አይገጥማቸውም ነበር። ትኩሳትና ራስ ምታት ይቀድማል፤ ከዚያ የዐይን ጡንቻ ይሰንፋል፤ ሕመምተኛው ሲቀሰቅሱት ነቅቶ በአግባቡ ይመልሳል፤ ወዲያው ግን መልሶ ያንቀላፋል። ፎን ኤኮኖሞ በልጅነቱ በቤት ሲወራ የሰማውን፣ ከ1889–90 ኢንፍሉዌንዛ በኋላ በሰሜን ጣሊያን ታይቶ የነበረውን ኖና የተባለ የእንቅልፍ በሽታ አስታወሰ። በሚያዝያ 1917 ግኝቱን በቪየና ለሐኪሞች ማኅበር አቀረበ፤ በሽታውንም ኢንሴፋላይቲስ ሌታርጂካ ብሎ ሰየመው። በዚያው ወር ፈረንሳዊው ክሩሼ ተመሳሳይ ሕሙማንን ገልጾ ነበር።

እዚህ ላይ የዘመን ቅደም ተከተሉን ማጤን ያስፈልጋል። የ1918 ኢንፍሉዌንዛ ወደ አዲስ አበባ ገብቶ የኅዳር በሽታ የተባለው በ1911 ዓ.ም. ነው፤ በከተማይቱ ከዐሥር ሺሕ የሚበልጥ ሰው እንደ ፈጀ ይነገራል፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንንም በጽኑ ታመው ድነዋል። የቪየናዎቹ ሕሙማን ግን ከዚያ ቀደም ብለው የታመሙ ናቸው። ፎን ኤኮኖሞም ሁለቱን በሽታዎች ለያይቶ ያያቸው ነበር። ከተቀመጡ የአንጎል ናሙናዎች ላይ በኋላ ዘመን የተደረገው ፍለጋም የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስን አላገኘም። ስለዚህ ኢንሴፋላይቲስ ሌታርጂካን የኢንፍሉዌንዛ ቅሪት አድርጎ እንደ ተረጋገጠ ነገር መጥቀስ፣ በብዙ ጽሑፎች ቢለመድም፣ ስሕተት ነው።

የፎን ኤኮኖሞ ትልቁ ትዕግሥት የታየው ግን ወረርሽኙ ጋብ ካለ በኋላ ነው። ድነዋል ተብለው ከተሸኙት ብዙዎቹ ከወራት፣ አንዳንዶቹም ከዓመታት በኋላ ተመለሱ። አካላቸው ደርቋል፤ እንቅስቃሴያቸው ተጎትቷል፤ ፊታቸው ስሜት አይገልጽም። ዐይናቸው ወደ ላይ ተሰቅሎ ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ይቀራል። ያለ ፈቃድ የሚሠራው ሥርዓተ ነርቭም ተናግቷል፦ ምራቅ ይዝረበረባል፣ የፊት ቆዳ በቅባት ይወዛል፣ ላብ ይበዛል፣ የአተነፋፈስ ሥርዓት ይዛባል። በሕፃናት ላይ ደግሞ የጠባይ ለውጥ ይብስ ነበር። በ1919 ትሬቲያኮፍ በመሐል አንጎል የሚገኘው ጥቁሩ የሕዋሳት ክምችት መጎዳቱን አሳየ። ፎን ኤኮኖሞ በ1929 ያሳተመው መጽሐፍ ተከታይ ሕመሞችን በርእሱ ላይ ሳይቀር አስፍሯል።

ዛሬ ይህን አካሄድ ለመከተል የቪየና ክሊኒክ አያስፈልግም። በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በልብስ ስፌት መስመር ላይ የምትሠራ ሴት ከቫይረስ ሕመም ካገገመች በኋላ ቆማ ስትሠራ ልቧ የሚመታባትና ራሷን የሚያዞራት ከሆነ፣ ጋደም ብላ ሳለች፣ ከዚያም ለዐሥር ደቂቃ ቆማ የልብ ምቷንና የደም ግፊቷን መለካት ይቻላል። የደም ግፊቷ ሳይወርድ ምቷ በደቂቃ 30 እና ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ምልክቱም ሦስት ወር ከዘለቀ፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ሕመም አለመኖሩ ተጣርቶ በቁመት ጊዜ የሚፈጠር የልብ ምት መፍጠን ሊባል ይችላል። ሰዓትና የደም ግፊት መለኪያ ይበቃል። እንዲህ ያለው ልኬት ካልተደረገ ግን ሠራተኛይቱ ሰነፍ ወይም ፈሪ ተብላ ልትታለፍ ትችላለች።

ፎን ኤኮኖሞ የሕሙማኑን አንጎል ሲመረምር ሌላም ነገር አስተዋለ። የሚያንቀላፉት በሃይፖታላመስ የኋላ ክፍልና በመሐል አንጎል መጋጠሚያ፣ እንቅልፍ ያጡት ደግሞ በሃይፖታላመስ የፊት ክፍል ተጎድተው ነበር። ከዚህ ተነሥቶ እንቅልፍና ንቃት በአንጎል ውስጥ የየራሳቸው ማእከል አላቸው አለ፤ የኋላው የእንስሳት ጥናት በመሠረቱ ደግፎታል።

በ1931 ለአንጎል ምርምር የተለየ ክፍል ቪየና ላይ ተከፈተለት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ውስጥ በልብ ሕመም በ55 ዓመቱ ዐረፈ። የ1929ኙ መጽሐፉ የእንግሊዝኛ ትርጉም የወጣውም በዚሁ ዓመት ነው።